የርግቡ አዲስ ላባ

«ተረት ተረት!»
«የመሠረት!»
«ጠጋ በሉ፤ ጆሯችሁን ስጡኝ።»

በድሮ ጊዜ አንድ ወንድ ርግብ ነበረ። ሚስቱ ሞታበታለች። የተረፈችለት አንዲት ጫጩት ናት። ገደል ላይ ባለ ጎጆ ውስጥ ብቻውን ያሳድጋት ነበር።

አንድ ቀን እህል ሲለቅም የንጉሡ ወጥመድ ያዘው። ንጉሡ ድምፁን ወደደው። «እንዳይበር ክንፉን ቁረጡት!» አለ። አሽከሮቹ የክንፉን ላባዎች በመቀስ ከግማሽ ቆረጧቸው።

ርግቡ አለቀሰ። «ልጄ በረሃብ ትሞታለች» አለ።

በግቢው አስማት የምታውቅ አንዲት አሮጊት ዶሮ ነበረች። ሰማችው።

«እመት ዶሮ፣ ላባዬ መቼ ይበቅላል?» አላት።

«አያ ርግብ፣ የተቆረጠ ላባ ጉቶው እስካለ አይበቅልም። ጉቶው በራሱ እስኪወድቅ ብዙ ወራት ይፈጃል። ከሥሩ ከተነቀለ ግን አዲስ ይወጣል። እኔ በየዓመቱ ላባዬን የማረግፈው ለጌጥ መሰለህ?»

ከዚያ ሦስት የዳጉሳ ፍሬ ሰጠችው። «አንዱን ለነፋስ ስትሰጥ፣ ነፋሱ ወስዶ ልጅህን ሁለት ሳምንት ያጠግባታል። ሌላ የለኝም» አለችው።

ርግቡ አንዱን ለነፋስ ሰጠ። ንጉሡ ፊትም ቀረበ።

«ጃንሆይ፣ የፈለጉትን ያድርጉኝ። ጉቶዎቹን ብቻ አያስነቅሉብኝ!»

ንጉሡ ሳቀ። «አሃ! ለካ ተስፋህ እሱ ነው! ንቀሉት!»

ነቀሉት። በጣም አመመው። ልጁን እያሰበ ቻለው።

ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ሁለተኛውን ፍሬ ለነፋስ ሰጠ። በክንፉ ላይ ደም የቋጠሩ፣ እንደ መርፌ የሾሉ እሾሆች ወጡ። ንጉሡ መጥቶ አየው። «አሁንስ ጃርት ሆንክ!» ብሎ ሳቀበት። ርግቡ ግን እሾሆቹ እንዳይሰበሩ ተጠንቅቆ ተኛ።

ሦስተኛውን ፍሬ ሰጠ። የእሾሆቹን ሽፋን በአፉ ቀስ እያለ ፈለፈለ። ከውስጡ ለስላሳ ላባ ተዘረጋ። የመጨረሻው ፍሬ ሁለት ሳምንት በሚያልቅበት ቀን ንጉሡ መጣ።

«ኧረ መቀስ! መቀስ አምጡ!»

መቀሱ ሲመጣ ርግቡ ከግንቡ በላይ እየበረረ ነበር።

ልጁ ጎጆው ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አድጋለች። ሰውነቷ ግን እሾህ በእሾህ ሆኗል።

«አባዬ፣ የት ቆየህ? ሁሉ ነገሬ ያሳክከኛል።»

«አውቃለሁ የኔ እናት። ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።»

ሽፋኑን አንድ በአንድ ፈለፈለላት። እስኪጨርስ ድረስ እቅፉ ውስጥ ተኛች።

ልጆቼ፣ ትምህርቱ ይህ ነው። ከሥሩ የተነቀለም ይበቅላል። ሲበቅል ያማል፤ ስለዚህ እስኪበቅል ተያዩ፣ ተጠባበቁ።

ተረቴ በረረ፤ ይዛችሁ መልሱልኝ።