አያ ጅቦና ሩቁ የሥራ መንገድ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በብስክሌት ሥራ በሚገቡበት ዘመን፣ አያ ጅቦ የአንበሳ ግቢ ዘበኛ ነበር። ብስክሌቱ አዲስ ነው። ከደስታው ብዛት ደወሉን ሲያቃጭል ይውላል! አንድ ነገር ብቻ ከነከነው፤ ጎሬው ከግቢው አጠገብ ስለሆነ ፔዳሉን ገና መታ መታ ሲያደርግ በሩ ላይ ይደርሳል።

«እሜት አህዪት፣ አንቺ ከየት ነው የምትመጪው?» ሲል ለግቢው ውሃ የምታመላልሰውን አህያ ጠየቃት።

«ከዋርካው ሥር። ሰውነቴ ሞቅ ሲለኝ፣ ላብ ሳያጠምቀኝ እደርሳለሁ። መንገዱ ከዚያ ቢረዝም ውሃውን በምን ጉልበቴ እሸከመዋለሁ?»

«አይ የአህያ ነገር! ትንሹ መንገድ እንዲህ ካስደሰተ፣ ብዙው ምን ሊያደርግ ነው!»

በዚያ ሲያልፍ ይህን የሰማ ቀበሮ ጆሮው ቆመ። የዘበኝነቱን ቦታ ሲመኝ ከርሟል።

«አያ ጅቦ፣ እንደ እርስዎ ያለ ጉልበተኛ መኖር ያለበት ከወንዙ ማዶ ነው። እዚያ ደግሞ ማንም አያውቅዎትም፤ ቁርበት አንጥፉልኝ ቢሉ ያነጥፉልዎታል» አለው።

ቁርበት ሲባል የጅቦ ምራቅ ቀደመው። በዚያው ቀን ጓዙን ጠቅልሎ ወንዙን ተሻገረ።

በማግስቱ አንበሳ እንግዶች ጠርቶ ነበርና «ፀሐይ ስትወጣ በሩ ላይ ያልተገኘ ሌላ እንጀራ ይፈልግ» ብሏል። ጅቦ ወፍ ሳይንጫጫ ተነሣ። ቁልቁለቱን ሲወርድማ ሊበር ምንም አልቀረው!

«ወይ መንገድ! ወይ ንፋስ!» እያለ ጮኸ።

ድልድዩን አልፎ ዳገቱን ሲጀምር ግን ጉልበቱ ከዳው፤ ሆዱም ይጮህ ጀመር። ወርዶ ብስክሌቱን ሲገፋ አንድ ሽታ አፍንጫውን መታው። የቆዳ ሽታ! ለካ ኮርቻው ቆዳ ነው!

«ጫፏን ብቻ» አለ።

ጫፏ አለቀች። መካከሏም ተከተለች። ከንፈሩን ልሶ ሲያበቃ የቀረው ባዶ ብረት ነው። በዚያ ላይ ማን ይቀመጣል? ምስኪን፣ እውነቱን ለመናገር ያሳዝናል፤ ግን ሆዱን ማን ያስችለው!

እየገፋና እያለከለከ ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። በሩ ተዘግቷል። ቢያንኳኳ አንድ ራስ ብቅ አለ፤ የዘበኛ ቆብ የደፋ ቀበሮ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ፤ ማን መጣ ብዬ ልናገር?»

ከዚህ የምንማረው፣ ጥሩ የሥራ መንገድ ሰውነትን የሚያሞቅ እንጂ ለሥራው የታሰበውን ጉልበት በልቶ የሚጨርስ አለመሆኑን ነው።