የፒካፗ አውጫጭ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ ጠጋ በሉና ቦታ ስጡኝ።

እንስሳት መንጃ ፈቃድ በሚያወጡበት፣ ብረትም አፍ አውጥቶ በሚናገርበት ዘመን፣ ጃርት የሚባል ጥንቁቅ ሾፌር ነበር። አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። በበጋ፣ ወንዙ ሲደርቅ፣ ከቆላው ምንጭ ውሃ በበርሜል እየጫነ ለመንደሩ እንስሳት ያመጣ ነበር። ጃርት ሳያጣራ የሚያደርገው ነገር የለም። የእጅ ፍሬን ይስብና ይወርዳል፤ ተመልሶ ይገባና መሳቡን ያያል፤ ይወርድና ደግሞ ይጠራጠራል።

አንድ ቀን ውሃ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ ነዳጅ ሰጠ። ፒካፗ «ጓ! ጓ! ጓ!» አለች። የዳገቱ ወገብ ላይ ደግሞ የነብር ዋሻ አለ። ነብር ዓይኑን እያሸ ብቅ አለ።

«ማነው እንቅልፌን የሚወቅጠው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ። ማለቴ ፒካፗ ናት። ማለቴ… ገና አላጣራሁም» አለ ጃርት።

«ይሄ አንድ» አለ ነብር።

በማግስቱም ዳገቱ ላይ «ጓ! ጓ! ጓ!»

«ይሄ ሁለት። በሦስተኛው የቀሰቀሰኝን እበላለሁ። በእሾህህ እንዳትመካ፤ ገልብጬ ነው የምበላህ!»

ጃርት ቤቱ ገብቶ አሰበ። ውሃ ባያመጣ መንደሩ ያልቃል፤ ቢያመጣ እሱ ያልቃል። መጀመሪያ የጠረጠረው ራሱን ነው። «ነዳጅ ስረግጥ እሾሄ እየተንቀጫቀጨ ይሆን?» አለና እሾሁን በገመድ ጥፍር አድርጎ አስሮ፣ ከመንደሩ ጀርባ ባለችው ትንሽ አቀበት ላይ ነዳ። «ጓ! ጓ! ጓ!» እሾሁ አይደለም።

ነገሩ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ደረሰ። እመት ኤሊና አያ ዝንጀሮ «አውጫጭ ይጠራ!» አሉ። በአውጫጭ ሁሉም ዋርካ ሥር ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ፒካፗም ዋርካው ሥር ቆመች፤ አካላቷ በየተራ ተጠየቁ።

«የምትጮኸው አንተ ነህ?» አለ ዝንጀሮ በሩን።

«እኔ ስከፈት ሲጥ እላለሁ እንጂ ጓ አልልም።»

«አንተስ ወንበር?»

«የእኔ ጩኸት ሌላ ነው ጌታዬ። ይሄ ጃርት ሲቀመጥብኝ እሾሁን ውጭ ቢተወው ምን አለበት?»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ጃርት አቀረቀረ።

ጭሱን ወደ ኋላ የሚያስወጣው ማርሚታ ግን ዝም አለ።

«ያውላችሁ!» ብሎ ዘለለ ዝንጀሮ። «ዝም ማለቱ ይበቃል። ደግሞ አፉን እዩት፣ ከሁሉ ይሰፋል። በጨርቅ ይታፈን!»

ማርሚታው ታፈነ። ሞተሩ ሲነሳ ትን አለው፣ ሳለ፣ ሳለና ጨርቁ ተስፈንጥሮ ዝንጀሮ ፊት ላይ ተለጠፈ። የዝንጀሮ ፊት የድስት ቂጥ መሰለ።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ያመነ የለም። ሁሉም ውሃ ጠምቶታል፤ ወደ ቤት መሄድ ደግሞ ክልክል ነው። ጃርት እጁን አወጣ፣ መልሶ አወረደ፣ እንደገና አወጣ።

«ተሳስቼ ሊሆን ይችላል…»

«ከተሳሳትክ ተቀመጥ!» አለ ዝንጀሮ ፊቱን እየጠረገ።

«ተወው፣ ይናገር» አለች እመት ኤሊ።

«እመት፣ ፒካፗ ቆማ ነዳጅ ብሰጣት ዝም ናት። ቁልቁለት ስትወርድም ዝም ናት። የምትጮኸው ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጣት ብቻ ነው። እዚህ ዋርካ ሥር ቆመን ብንጠይቃቸው ሁሉም ጨዋ ነው። አውጫጩን ዳገት ላይ ብናደርገውስ?»

«እየሄደ የሚደረግ አውጫጭ!» አለ ዝንጀሮ። «በአባቶቻችን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር…»

«በአባቶቻችን ጊዜ ፒካፕ አልነበረም። ውጣና ተጫን» አለች ኤሊ።

ትንሿን አቀበት ተያያዟት። ኤሊ ፒካፗ ላይ በደረቷ ተኝታ ጆሮዋን ከወለሉ አጣበቀች። ጃርት ነዳጅ ሰጠ። «ጓ!»

«ያዝኩህ ማርሚታ! ወለሉን የምትደበድበው አንተ ነህ!»

«መደብደቡን ደበደብኩ» አለ ማርሚታ። «ግን ሞተር ገፍቶኝ ነው።»

«ሞተር፣ ለምን ትገፋዋለህ?»

«ወድጄ ነው እመት? ዳገት ላይ ሳምጥ ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ። የሚይዘኝ ጎማ ለቀቀኝ።»

ጃርት ፒካፗን አቁሞ ከሥር ገባ። ሞተሩ የተቀመጠበት መዳፍ የምታህል ጎማ ለሁለት ተቀድዳ አገኛት።

«አንቺ፣ ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ጎማዋ። «ስትፈልጉ የዋላችሁት የሚጮኸውን ነው። እኔ የተቀደድኩት ድምፅ ሳላሰማ ነው።»

ጃርት ሞተሩን በክሪክ ቀስ አድርጎ አነሳ። ከተጣለ የመኪና ጎማ ወፍራም ቁራጭ ቆርጦ በተቀደደችው ምትክ አስገባ፤ ቡሎኑን አጠበቀ። ተጠራጠረና ደግሞ አጠበቀ። ኤሊ «በቃ፣ ልትበጥሰው ነው!» ስትለው ተወው። አቀበቷን ቢሞክሯት ፒካፗ «እምምም» ብቻ አለች።

በማግስቱ ውሃ ጭነው ትልቁን ዳገት ወጡ። ሽማግሌዎቹ ምስክር ሊሆኑ ከበርሜሎቹ መካከል ተቀምጠዋል። ነብር በዋሻው ደጃፍ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ጃርት ነዳጅ ሰጠ። «እምምም…» የነብር ጆሮ እንኳ አልተነቃነቀም። ዋሻውን አለፉት።

አያ ዝንጀሮ ደስታውን መቻል አቃተው። በርሜል ላይ ወጥቶ ቆመና፣ «አለፍን! አንተ እንቅልፋም፣ አለፍንህ እኮ!» ብሎ አገሩን በጩኸት አናጋው።

«ሦስት!» አለ ነብር ብድግ ብሎ።

ጃርት በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳያጣራ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። ፒካፗ ኮሽ ሳትል ተፈተለከች። ነብርም የቀሰቀሰኝን እበላለሁ ያለውን አልረሳም፤ ፒካፗን አላያትም፣ ዝንጀሮውን ተከተለ። ዝንጀሮ ከበርሜሉ ዘሎ መንገዱ ዳር ያለው ገደል ላይ ተንጠለጠለ፤ ነብር ከሥሩ ቁጭ ብሎ እየጠበቀው ዋለ። ውሃው ግን ጠብታ ሳይፈስ መንደር ገባ። አያ ዝንጀሮም ማታ ጉልበቱ ተልጦ መጣ፤ እንዴት እንዳመለጠ ሲጠይቁት ጩኸት ፈርቶ በእጁ ምልክት ብቻ ነገራቸው።

እንግዲህ የጮኸውን ከማፈናችሁ በፊት ማን እንደገፋው ጠይቁ። ነገሩ ከተስተካከለ በኋላ ደግሞ፣ አደራ፣ እናንተ አትጩሁ።