መሲንቆው ዝም የሚልበት ቦታ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለታችሁ አይቀርም። ዛሬ ላሟን ተዉአትና ስለ ሁለት በሬዎች ስሙኝ፤ ያለ ዘፈን አንድ እርምጃ የማይራመዱ በሬዎች ነበሩ።

ድሮ፣ እንስሳውም ዕቃውም አፍ በነበረው ዘመን፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ አንድ መንደር ነበር። ጤፍ በደረሰ ጊዜ ነዶው አውድማው ላይ ይበተናል፤ ቦራና ዳልቻ የሚባሉት በሬዎች እየዞሩ ይረግጡታል፤ መንሽ በእንጨት ጣቶቹ ጭዱን ይገለብጣል። የሚዘፍነው ደግሞ አባ መሲንቆ ነው።

«ዙር በሬዬ ዙር፣ ጭዱ ይላላ፣
የረገጥከውን አገር ይብላ።»

ይልና ዝም ይላል። ደግሞ ይጀምራል፣ ደግሞ ዝም ይላል። ዘፈኑ ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ግን እሱ ሲለው የሰማ ሁሉ ሆዱ ይባባ ነበር፤ ጥጃ እንኳ ጡቱን ትቶ ያዳምጣል።

ክራር ይህን ዘፈን ከልጅነቷ ጀምሮ ትመኘው ነበር። ባለ ብዙ ክር ሆና በባለ አንድ ክሩ ሽማግሌ ትቀናለች። ቅር የሚላት ነገር ቢኖር ያ ዝምታ ብቻ ነው። «ቢያረጅ ትንፋሽ አጥሮት ነው» ትላለች በልቧ። «እኔ ብሆን ኖሮ ባዶውን እሞላው ነበር።»

ታዲያ አንድ ዓመት፣ ነዶው በተከመረ ማግስት፣ አይጥ የአባ መሲንቆን ቆዳና ክር ስትበላ አደረች። ክር የሌለው መሲንቆ ደግሞ አፍ የለውም። ወስደው ጎተራው ደጅ ያለው ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። በዚያው ዕለት ያለ ወቅቱ ጥቁር ደመና ከተራራው ጀርባ ብቅ አለ። ጉንዳኖች እንቁላላቸውን ተሸክመው ሽቅብ ይሮጣሉ፤ ነፋሱ አንዴ ከወዲህ አንዴ ከወዲያ ይመታል፤ መንደሩ ውስጥ አንድም ረግቶ የተቀመጠ አልነበረም። ጤፉ ሳይበራይ ዝናብ ከመታው ይሻግታል። ከሻገተ መንደሩ ዓመቱን ሙሉ ጦሙን ማደሩ ነው።

«ማን ይዝፈን?» ተባለ።

«እኔ» አለች ክራር፣ ሌላው አፉን ሳይከፍት።

ወደ መንደርተኛው ዞራ ተቀመጠችና ጀመረች። ዜማውን አስዋበችው፤ አንዱን ስንኝ ወደ ላይ ወሰደችው፣ አንዱን ወደ ታች አንከባለለችው። አባ መሲንቆ ዝም ይልበት የነበረውን ቦታ በክሮቿ ጨዋታ ሞላችው። መንደርተኛው እሰይ እሰይ አለ። በሬዎቹ ግን ማረፊያ አጥተው ዞሩ፣ ዞሩ፣ ዞሩ። መንሽ በአውድማው ዳር ቆሞ፣ «እኔስ በየት ልግባ?» ይላል፤ የሰማው የለም።

ኋላ ላይ ቦራ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ይህ የእሱ አይደለም» አለ።

«አይበልጥም?» አለች ክራር።

«ይበልጥ ይሆናል፣ እሜቴ። እግሬ ግን አላወቀውም።»

ጭዱን ገልጠው ቢያዩ፣ ከሥሩ ያለው ጤፍ ከነዛላው ተጋግሮ ቁጭ ብሏል። ክራር መግቢያ አጣች። ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ ተቀምጣም አላረፈች፣ ክሯን ታጠብቃለች፣ መልሳ ታላላለች።

ደመናው ተራራውን ዘለቀ። ይኼኔ አህያ ብድግ አለ። «ይህ ሁሉ ማስረዘም ለምን አስፈለገ? ዝናብ እየመጣ ነው። ዘፈኑን አሳጥረን እናፍጥነው።»

«ዙር! ዙር! ይላላ! ይብላ!» ይላል አህያ። በሬዎቹ ሮጡ። ጭዱ ወደ ሜዳው ተበተነ፣ ጤፉም አብሮ ወደ አቧራው። «ኧረ እኔስ በየት ልግባ?» አለ መንሽ። ከዚያ ዳልቻ አዳልጦት በጉልበቱ ወደቀ።

«ይህ የእሱ አይደለም» አለ ቦራ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ መንደርተኛው ከአቧራው ጤፍ ሲለቅም ብዙ ጊዜ ጠፋ። አህያም «ነፋሱ ነው እንጂ እኔ ምን አደረግሁ?» እያለ ራቅ ብሎ ቆመ።

ደመናው ፀሐይዋን ሸፈነ። በቀቀን ከዛፉ ጫፍ ላይ ሆና ጉሮሮዋን ጠራረገች። «እናንተ ሰዎች ለምን ትደክማላችሁ? እኔ ዐምና ከዚህ ዛፍ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ነገር አልጣልኩም።»

ጀመረች። አቤት፣ ያው እሱ ነበር። ያ ሻካራ ድምፁ፣ ያ ሳሉ፣ ሌላው ቀርቶ እንጨቱ ሲንቋቋ የሚያሰማው ድምፅ ሁሉ ነበረበት። ዝም የሚልበት ቦታ ላይም እንኳ ሳይቀር ዝም አለች። መንደርተኛው አለቀሰ። ክራርም አለቀሰች፤ ግማሹ ናፍቆት ነው፣ ግማሹ ቅናት። «በቃ፣ ከእኔ ተወሰደ» አለች።

ግን በቀቀን ዝም ስትል ጭዱ ገና እንደ ቆመ ነው። መንሽ ገብቶ ቢገለብጠው ጤፉ አልተፈለቀቀም። ቆይቶ ጭዱ ሲተኛ ደግሞ በቀቀን በዘፈኑ መሃል ናት። መንሽ ቢቸግረው እንዲያው ዘሎ ገባ፤ ዳልቻም ረገጠውና አንዱ ጣቱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

«አቁሙ!» አለ ቦራ። «ይህም የእሱ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? እሱ የቆመው ልክ እዚህ ላይ ነበር!»

«ዐምና ነዋ። የዐምናው ጤፍ አጭር ነበር፤ ቶሎ ይተኛል። የዘንድሮውን ቁመት አላየሽም?»

በቀቀን ጤፉን ከላይ ሆና አየችው፤ ዘፈን ከጤፍ ቁመት ጋር ምን እንዳገናኘው ግን አልገባትም። እስከ ዛሬም አልገባትም ይባላል።

የመጀመሪያዋ ጠብታ የክራር ቆዳ ላይ ጠብ አለች። ክራር ዘላ ተነሣች፤ ወደ ምሰሶው ሮጠች።

«አባ፣ በዘፈኑ መሃል ዝም ትል የነበረው ለምንድን ነው?» አለችው። አባ መሲንቆ ምን ይበል? አፍ የለውም። ነፋሱ ብቻ ወዘወዘው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ክራር እሱ ይቀመጥበት ወደነበረው ቦታ ሄደች። በአውድማው ዳር፣ ከመቀመጥ ብዛት የጎደጎደች ትንሽ ቦታ ነበረች። ገብታ ተቀመጠችባት። ከዚያ ሆኖ መንደርተኛው አይታይም፤ ከጀርባ ነው። ሰማዩም በደንብ አይታይም። የሚታየው የበሬዎቹ ሰኮናና ጭዱ ብቻ ነው።

«ለካ ጭዱን እያየ ነበር» አለች። ደነገጠችም፣ ደስም አላት።

«መንሽ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

«ጠዋት ብትጠይቂኝ ጣቴ ይተርፍ ነበር» አለ መንሽ። «በይ ጀምሪ፣ እኔ እዚሁ አለሁ።»

ክራር ዐይኗን ከጭዱ ሳትነቅል ጀመረች። ድምጿ ቀጭን ነው፤ እንደ እሱ ሆድ አያባባም። አንዳንዱ መንደርተኛ ፊቱን አጨፈገገ። ጭዱ እስኪተኛ ዘፈነች፣ ሲተኛ ዝም አለች። መንሽ በተረፉት ጣቶቹ ገብቶ ገለበጠ፤ በሬዎቹ ተነፈሱ። ጣቶቿ ባዶውን ለመሙላት አሳከኳት፤ ጨበጠቻቸው። እሞላዋለሁ ያለችው ባዶ ለካ ባዶ አልነበረም፤ መንሽ የሚሠራበት ቤት ነበር። ደግሞ ጀመረች። አንዱ ዝምታ ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል፣ እንደ ጭዱ ነው።

ሁለተኛዋ ጠብታ ወረደች፣ ሦስተኛዋም። ማንም ቀና ብሎ አላየም።

ዳልቻ እየዞረ ጆሮውን አቆመ። «ቦራ፣ ይህ እኮ የእሱ አይደለም» አለ።

«አይደለም» አለ ቦራ። «ዙር።»

ዞሩ። ጤፉ ተፈለቀቀ፣ ተጠራረገ፣ ጎተራ ገባ። ዝናቡ ሲወርድ ያገኘው ባዶውን አውድማ ነው። ክራር በጎተራው ደጃፍ ተጠልላ ምሰሶውን አየች። እንዲያመሰግናት ፈልጋ ነበር፤ አባ መሲንቆ ዝም አለ። ይህኛውን ዝምታ ለመሙላት አልሞከረችም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንደር፣ «ዘፈን የሚወርስ፣ ከዜማው በፊት መቀመጫውን ይውረስ» ይባላል።

እንግዲህ ተረቴን መልሱልኝ፤ ስትመልሱ ግን የሚሰማችሁን ዐይን ዐይኑን እያያችሁ ይሁን። አፌን በዳቦ ለማበስም አትቸኩሉ፤ ዝም ያልኩት ስለጨረስኩ ላይሆን ይችላል።