የልጅ ውሃ

ከብሳና በር ከተማ ወጥቶ ወደ ቆላው የሚወርደውን መንገድ የያዘ ሰው፣ በረሃውን ጨርሶ አቀበቱ ሥር ሲደርስ አንዲት ቀጭን ወንዝ ያገኛል፤ ስሟ የልጅ ውሃ ይባላል። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ የብሳና በር እናቶች ልጃቸውን አዝለው፣ ውሃ በቅል ይዘው እዚያች ወንዝ ድረስ ይወርዱና ያመጡትን ውሃ ይገለብጡባታል። ውሃውንም ራሳቸው አይቀዱትም፤ ጎረቤት ናት ቀድታ የምትሰጣቸው። መንገደኛ ያያቸው እንደሆነ ወንዝን ውሃ ማጠጣት የት አገር ነው እያለ ይስቃል፣ እነሱ ግን ገልብጠው ይመለሳሉ።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ድሮ ይህች ወንዝ ስም አልነበራትም። ስም የነበረው ጥንጁት ነው፣ የከተማው ወንዝ። ዳርና ዳሩ የጥንጁት ቁጥቋጦ ስለሆነ ውሃው መረር ይላል፣ ጢስ ጢስም ይላል። የብሳና በር ሰው ለእንግዳ አጠጥቶ ፊቱን ሲያጨማድድ ማየት ይወዳል።

በዚያ ዘመን ታዲያ ከወንዙ ራስ ላይ ግራዝማች እንግዳሸት የሚባሉ ባለ ርስት ነበሩ፤ እሳቸው ቦይ አስቆፍረው ውሃውን ወደ ማሳቸው መለሱት ይባላል። ከተማው ያለው ታች ነውና መጀመሪያ የውሃ ወፍጮው ቆመ፣ ቀጥሎ ሴቶቹ አሸዋ እየጫሩ ውሃ እስኪያቆር መጠበቅ ጀመሩ። ከተማው መክሮ፣ ነገር አዋቂ የነበሩትን አያ ቢሰውርን ወክሎ ከሰሰ። ግራዝማች ግን እኔ የማጠጣው ከግቢዬ የፈለቀውን የራሴን ምንጭ ነው፣ ከጥንጁት ጠብታ አልነካሁም ብለው ካዱ። ቦዩን የቆፈሩት ጭሰኞቻቸው ናቸው፣ ጭሰኛ ደግሞ በጌታው ላይ ምን አፍ አለው? ምስክር ታጣ። ዳኛውም ምስክር ከሌለ መሐላ ነው አሉ፤ ግራዝማች በችሎት ፊት የጥንጁትን ውሃ ጠጥተው፣ ወስጄ እንደሆነ አንጀቴን ይቁረጠው ብለው እንዲምሉ ፈረዱ። በጥንጁት ውሃ በሐሰት ምሎ ዓመት የከረመ የለም ይባል ነበርና ከተማው በዚህ ፍርድ ደስ አለው።

ችሎቱ ያለው ከበረሃው ማዶ ነው። በአገሩ ወግ የመሐላ ውሃ የምትሸከመው ጡት የምታጠባ ሴት ናት፤ ጡት የምታጠባ ክፉ አታስብም ይሉ ነበር። ይህም ዕጣ ደብሪቱ በምትባል፣ ገና ከአራስ ቤት በወጣች ልጅ እግር እናት ላይ ወደቀ። አያ ቢሰውር የቅሉን አፍ በሰም ደፍነው ሲሰጧት፣ መሬት እንዳይነካ፣ መንገድ ላይም እንዳይከፈት አስጠነቀቋት። የመሐላ ውሃ ያጎደለ ዕድሜ ልኩን ከጥንጁት እንደማይቀዳ እሷም ታውቃለች።

«ልጄ፣ ከተማውን ነው ያሸከምንሽ» አሏት።

በረሃው መካከል ሲደርሱ በጀርባዋ ያዘለቻት ሕፃን ልጇ አንጓች ትኩሳት ያዛት። ለችሎቱ አብረዋት የወጡት ወንዶች ጥላ ፍለጋ ፈጥነው አልፈዋል፤ ደርሰን እንጠብቅሻለን ብለዋት፣ ውሃቸውንም በዚያው ጠጥተው ጨርሰውታል። ደብሪቱ ጡቷን ብታወጣ ደርቋል። ልጅቷ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፣ ኋላ ማልቀሱንም ተወችው፤ እናትን የሚያስፈራት ደግሞ ይሄ ነው። ደብሪቱ ቅሉን አየችው። ከንፈሯን ብቻ ላርስላት ብላ ሰሙን በጥፍሯ ፈነቀለችው። ልጅ እየጠጣ በቃህ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል? አጠጣቻት፣ የተረፈውንም በራሷ ላይ አፈሰሰችላት፣ ልጅቷም ዓይኗን ገለጠች።

ወደ አቀበቱ ሥር ስትደርስ ያችን ስም የለሽ ወንዝ አገኘች። ውሃ ያው ውሃ ነው ብላ ቅሉን ሞላችው፣ ፀሐይ ያለሰለሰውን ሰምም በአውራ ጣቷ መልሳ ደፈነችው። ከመድፈኗ በፊት ግን ቀመሰችው፤ ውሃው ጣፋጭ ነበር። ጣፋጭ ነገር ያኔ እንዳስፈራት ምንም አላስፈራትም ይባላል።

በችሎት ፊት ግራዝማች ቅሉን ሲቀበሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያየ ሁሉ አየ፣ አያ ቢሰውርም በክርናቸው ሰው ጎሰሙ። ግራዝማች ጠብታ በምላሳቸው ቀመሱ። ከዚያ ቆም አሉና እጃቸው ረጋ። ቅሉን እስከ ዝቃጩ ጨለጡት፣ ሳይደናቀፉም ማሉ። የእጃቸውን መርጋት ሰው ሁሉ የንጽሕና ምልክት አደረገው፣ ምክንያቱን የምታውቅ ደብሪቱ ብቻ ነበረች። ግራዝማች ሲመለሱ በበቅሏቸው ላይ እንዳሉ እንደ መቆም አሉና ጎንበስ ብለው እንዲህ አሏት፦

«እሜቴ፣ ውሃሽ ጣፋጭ ነበር። ዕድሜ ይስጥሽ።»

መሐላ ሙግት ይቆርጣልና ነገሩ በዚያው ተዘጋ። ከተማው የግራዝማችን መቀጣት ቢጠብቅ ቢጠብቅ፣ እሳቸው ጭራሽ ወፈሩ። ጥንጁት ግን አሸዋ ብቻ ሆነ። ደብሪቱ ልጇን ባየች ቁጥር ወንዙ ይታያታል፣ ወንዙን ባየች ቁጥር ልጇ ትታያታለች። አንጓች ስትስቅ እንኳ አብራት መሳቅ ይከብዳት ነበር አሉ።

በመጨረሻ፣ በአጥር የምትዋሰናት ጎረቤቷ ማንጠግቦሽ፣ ልጇ ከረግረግ የተቀዳ ውሃ ጠጥቶ በተቅማጥ ሞተባት። ደብሪቱ ለቅሶ ሄደች። አንጓችን በነጠላዋ ሸፍና፣ ድምጿ እንዳይሰማ አፏን በጡቷ ይዛ፣ ከሰው ኋላ ተቀመጠች። ማንጠግቦሽ ግን አየቻት፣ ልጅሽን አትደብቂብኝ፣ ያንቺዋ መትረፍ ለእኔ መጽናኛዬ ነው አለቻት። ደብሪቱ ከዚያ ወጥታ ቤቷ አልገባችም፤ በቀጥታ አያ ቢሰውር ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ልጅቱ ዳነች?» አሉ ሽማግሌው።

«ዳነች፣ አያ።»

«እንግዲያ ተነሺ። ይህን የምትነግሪው ለዳኛው ነው።»

ዳኛው ሰምተው፣ ያልጠጡት ውሃ መሐላ አይሆንም አሉ፣ ሌላ የጥንጁት ውሃም ከወንዙ ራስ ድረስ የራሳቸውን ሎሌ ልከው አስመጡ። ግራዝማች ተጠርተው ቀረቡ። ቅሉን ተቀበሉ፣ ወደ አፋቸው አስጠጉት፣ ያ የጥንጁት ሽታ አፍንጫቸውን ነካቸው። እጃቸው እንደ መጀመሪያው ቀን መንቀጥቀጥ ያዘ፣ ዛሬ ግን አልረጋም።

«ምነው፣ ግራዝማች?» አሉ ዳኛው።

«ዛሬስ አልጠማኝም።»

ችሎቱ ሳቀ። ግራዝማች ቅሉን አስቀምጠው ዕርቅ ለመኑ፣ ቦዩም ተደፈነ። ጥንጁት ወደ ከተማው ወረደ፣ የወፍጮው ድንጋይም ዞረ፣ ከተማውም እልል አለ ይባላል።

ደብሪቱን ያመሰገናት ግን የለም። እንደ ወጉ ከጥንጁት እንዳትቀዳ ተፈረደባት፣ እሷም አልተከራከረችም። ሴቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኟት እንስራቸውን ያዞራሉ፤ አንዷ ታዲያ «እንስራሽን ሸሽጊ፣ ከነገሉ ትጠጣብሻለች» ብላ ሌሎቹን አስቃለች ይባላል። በነጋታው ከደጃፏ አንድ እንስራ ውሃ ተቀድቶ ቆሞ አገኘች። ያስቀመጠችው ማንጠግቦሽ ነበረች። እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜም ቀዳችላት።

ደብሪቱ ለነፍስ አባቷ ለመምሬ ጥላዬ ልትናዘዝ ሄደች። የሞተውን ልጅ እያነሣች አለቀሰች። መምሬም አጽናንተው፣ ንስሐ ማለት ሁለተኛ አልመለስበትም ማለት ነው፣ እንዲህ በይና ልፍታሽ አሏት።

«አባቴ፣ መዋሸት ነው የሚሆንብኝ» አለች። «ያ በረሃ ዛሬም ቢሆን፣ ያ ቅል በእጄ ቢሆን፣ አጠጣታለሁ።»

«የማንጠግቦሽን ልጅ እያወቅሽ?»

እንደገና አለቀሰች። ካለቀሰች በኋላ ግን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች ይላሉ።

መምሬ ጥላዬ ሊቆጡም ሊፈቱም አልቻሉም። እንግዲያ ከዚያች ወንዝ የወሰድሽውን መልሺ፣ አንድ ቅል ሙሉ የጥንጁት ውሃ ይዘሽ በረሃውን ተሻገሪ፣ ሙሉውን ያደረስሽ ቀን እፈታሻለሁ አሏት።

ግንቦት ሲገባ ማንጠግቦሽ ቅሉን ሞልታ ሰጠቻት፣ ደብሪቱም አንጓችን አዝላ ወረደች። በረሃው መካከል አንጓች ውሃ ስትል ከፍታ አጠጣቻት፣ የተረፈውን ወንዟ ድረስ ወስዳ ገለበጠችና ተመለሰች። በዓመቱም እንዲሁ ሆነ። አንጓች ስታድግ የአንጓች ልጅ መጣ፣ እሱም በረሃው ላይ ጠማው። ደብሪቱ ሳትፈታ ሞተች ይባላል። ከእሷ በኋላ አንጓች ተሸከመች፤ ቀጥሎ፣ መጀመሪያ የሳቁት ሴቶች ሳይቀሩ፣ ልጅ ያላቸው ሁሉ አንድ ሁለት እያሉ ተከተሏት።

ዛሬ መንገዱ መኪና ያስኬዳል፣ በረሃውም ላይ ለስላሳ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። የብሳና በር እናቶች ግን ግንቦት ሲገባ በእግራቸው ይወርዳሉ። ጎረቤት የሞላችላቸውን ቅል ይዘው፣ ዘንድሮስ አልከፍተውም እያሉ ይነሣሉ። እኩል መንገድ ሲደርሱ ከጀርባቸው ያለው ልጅ ያለቅሳል። መምሬ ጥላዬ ያዘዙት ሙሉ ቅል ነበር፤ ሙሉ ቅል ግን የልጅ ውሃ እስከ ዛሬ አልደረሰላትም ይባላል።