የንብ አምባዋ በረኛ

እናንት ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሯችሁን ስጡኝ። እንስሳ ሁሉ እንደ ሰው ያወራ በነበረበት፣ ድንጋይም ሲጠሩት «አቤት» ይል በነበረበት ዘመን፣ ንብ አምባ በሚባል ተራራ አናት ላይ አንድ የቆየ መንደር ነበረ። የተራራው ዙሪያ ገደል ነው። መውጫው አንድ፣ በሩም አንድ ነው። ሽኮኮዎች፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎችና ቆቆች ከአያት ከቅድመ አያቶቻቸው በወረሷቸው የድንጋይ ቤቶች ይኖሩበት ነበር።

የበሩ ጠባቂ እመት ሻሼ የምትባል አሮጊት ሽኮኮ ነበረች። እንግዳ ሲመጣ የምትቀበለው እሷ፣ የምታስጎበኘውም እሷ ናት። «ይህን ግንብ የካበው የአያቴ አያት ነው» ትላለች። «ያንን ደረጃ ከዐለት የፈለፈለችው የቅድመ አያቴ እናት ናት» ትላለች። ይህን ስትል ደረቷ ነፋ ይላል። እንግዳውም አፉን ከፍቶ ያያል።

አንድ ክረምት ግን ጉድ መጣ። ዝናቡ ይዘንባል፣ ገንዳው አይሞላም። ከዐለት የተፈለፈለው ያ ትልቅ ገንዳ የመንደሩ የዓመት ውኃ ነው። ሐምሌ ዘነበ፤ ገንዳው አልሞላም። ነሐሴ ዘነበ፤ ገንዳው አልሞላም። ውኃው ሁሉ በገደሉ አፋፍ ወደ ታች ይወርዳል። መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀን ሲቀረው የገንዳው ወለል ታየ።

ይህን የሰማ አያ ቀበሮ ከሜዳ ወጥቶ በሩን አንኳኳ።

«እመት ሻሼ፣ ደኅና ነዎት?»

«እግዜር ይመስገን፣ አያ ቀበሮ። ምን እግር ጣለህ?»

«አዝኜላችሁ ነው የመጣሁት። በጋው ሊገባ ነው፤ በጥም ልታልቁ ነው። ወንዙ ዳር ሣሩ ለምለም ነው፣ ውኃውም ሙሉ ነው። በሦስተኛው ቀን ከተራራው ሥር እጠብቃችኋለሁ፤ መንገዱን እኔ እመራችኋለሁ።»

የጭላዳዎቹ አለቃ ጎፈሬ ይህን ሲሰማ «እውነቱን ነው፣ እንውረድ» አለ። እናቶች ጓዛቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እመት ሻሼ ግን ጓዟን አልነካችም። «የአያቶቼን ቤት ለማን ጥዬ ልሂድ?» አለችና ወደ በሩ ዞረች።

«አንተ በር፣ ውኃችን ወዴት ሄደ?»

«እኔ የማውቀው ገቢና ወጪውን ነው» አለ በሩ። «የውኃውን ነገር ገንዳውን ጠይቂው።»

ጎፈሬ ቀድሞ ሄደ። «አንተ ገንዳ፣ ሙላ ብዬሃለሁ» ብሎ አዘዘው። ገንዳው ዝም አለ። ወይዘሮ ቆቅ ሄደች። «እባክህ ሙላልን፣ ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው» ብላ አለቀሰች። ገንዳው ዝም አለ። በመጨረሻ እመት ሻሼ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና፣ «አባባ፣ ምን ነካህ? የቱ ጋ ነው ያመመህ?» አለችው።

ገንዳው በረጅሙ ተነፈሰ። «እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ከጠፋ ስንት ዘመኑ» አለ። «ጉሮሮዬ ታንቋል፣ ልጄ። ውኃ የሚያመጣልኝ ቦይ በዐለቱ ውስጥ ለውስጥ ያልፋል። አያቶችሽ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ይጠርጉት ነበር። እናንተ ግንቡን ለእንግዳ ታሳያላችሁ፤ ቦዩን ግን ዞር ብሎ ያየው የለም።»

እመት ሻሼ አፈረች። ያን ሁሉ ዘመን ስለ አያቶቿ ስታወራ፣ ቦይ መኖሩን እንኳ አታውቅም ነበር። ወዲያው ተነሥታ ቦዩ ውስጥ ገባች። ቦዩ ጠባብ ነው፤ ከሽኮኮ በቀር ሌላ አያስገባም።

በመጀመሪያው ቀን አፈር ስትዝቅ ዋለች። በሁለተኛው ቀን የዛፍ ሥር በጥርሷ ስትቆርጥ ዋለች። በሦስተኛው ቀን አንድ ድንጋይ ገጠማት። ገፋችው፤ ንቅንቅ አላለም።

«አንተ ድንጋይ፣ መንገድ ልቀቅ» አለችው።

«ብቻሽን አትችይኝም» አለ ድንጋዩ። «የሚጎትተኝ ጥሪ።»

በዚያ ሰዓት ጎፈሬ ወገኖቹን አስከትሎ ከበሩ ደርሶ ነበር። በሩ ግን እንዲህ አለው፦ «እከፍትልሃለሁ። መጀመሪያ ግን በስንጥቄ አጮልቀህ እይ። አያ ቀበሮ ብቻውን አልመጣም፤ ሣሩ ውስጥ ሰባት ወንድሞቹ ተኝተዋል።» ጎፈሬ አጮልቆ አየና ወገኖቹን ከበሩ መለሳቸው። ያኔ የእመት ሻሼን ጥሪ ሰማ። ወደ ቦዩ አፍ ሮጦ ሐረግ ወረወረላት። እሷም ሐረጉን ድንጋዩ ላይ አስራ ወጣች። ጭላዳዎቹ ባንድነት ጎተቱ፤ ድንጋዩም «ይኸው ለቀቅሁ» ብሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ የዓመቱ የመጨረሻ ዝናብ መጣ። ውኃው በቦዩ ውስጥ እየዘፈነ ገባ። ገንዳው ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣና እስከ አፉ ሞላ።

አያ ቀበሮ መጠበቅ ሲሰለቸው ጠጉሩ በዝናብ እንደራሰ ወጣ። «ምነው ቀራችሁ?» አለ። እመት ሻሼ በቅል ውኃ ቀድታ ሰጠችው። ጠጣ። ቀና ሲል የሞላውን ገንዳ፣ ከገንዳው ዙሪያም የቆመውን መንደርተኛ ሁሉ አየ።

«ወንዙ ዳር ልንበላችሁ ነበር» አለ አቀርቅሮ።

«አውቃለሁ፤ ጎፈሬ ወንድሞችህን አይቷቸዋል» አለችው። «ጠጥተህ ውረድ። ሜዳ ስትደርስ ደግሞ የንብ አምባ ውኃ እንዴት እንደሚጣፍጥ ለወንድሞችህ ንገራቸው።»

በዓመቱ ግንቦት ሲገባ፣ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ ወጣ። ወጣት ሽኮኮዎች ወደ ቦዩ ገቡ፤ ጭላዳዎቹ አፈሩን ተሸከሙ፤ ቆቆቹ ቅጠሉን ለቀሙ። ይህም ሥርዓት ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ልጆች፣ በአያቶች ሥራ መኩራት መልካም ነው፤ የሚያምርብን ግን ያንን ሥራ እኛም በእጃችን ስንሠራው ነው። እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፤ የረሳሁትን እናንተ ጨምሩበት።