አፈር የተከለከሉ የቆቅ ልጆች

ኑ ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ቁጭ ብላችሁም ተጋድማችሁም ስሙኝ፤ ጆሯችሁ ከሰማ የአቀማመጥ ነገር አያጣላንም።

ድሮ ድሮ፣ ወፍም እንደ ሰው ለሐሜት ጊዜ በነበረው ዘመን፣ ስሙን በማናውቀው አገር አምስት ጫጩቶች ያሏት አንዲት ቆቅ ትኖር ነበር። ቆቅ መቼም ጠንቃቃ ናት፤ ይህችኛዋ ግን ባሰባት። ልጆቿን ጠዋት ምንጭ ወስዳ ታጥባለች፤ ቀትር ላይ ደግማ ታጥባለች። ላባቸውን አንድ በአንድ በአፏ ታስተካክላለች። ከዚያ በቁመታቸው ታሰልፋቸውና፣

«አትሩጡ፣ አትንከባለሉ፣ አፈር አትንኩ! የወፍ አገር ምን ይለኛል?» ትላለች።

የጎረቤቷ የጅግራ ልጆች ደግሞ ቀኑን ሙሉ አቧራ ላይ ሲንከባለሉና ድብብቆሽ ሲጫወቱ ይውላሉ። አንዱ ዐይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፤ ሌሎቹ «አልነጋም! አልነጋም!» እያሉ በየሣሩ ሥር ልጥፍ ይላሉ። የቆቅ ልጆች ከሰልፋቸው ሳይወጡ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«እማዬ፣ አንዴ ብቻ እንጫወት?» አለች የሁሉም ታናሽ።

«ልትቆሽሺልኝ? የወፍ አገር ምን ይለኛል?»

ጅግራ ይህን ሰማችና፣ «እመት ቆቅ፣ እግዜር የአፈር መልክ ያለበሰን እኮ አፈር እንድንጸየፍ አይደለም። ልቀቂያቸው እንጂ» አለቻት።

«መልቀቁንስ አንቺ ታውቂበታለሽ! ያንቺዎቹን ከጓል ማን ይለያቸዋል?» አለች ቆቅ።

ጅግራ ሣቀችና ወደ ልጆቿ ሄደች።

በአቅራቢያው ካለ ዋርካ ጫፍ ላይ ጭልፊት ተቀምጦ ይህን ሁሉ ይሰማ ኖሯል።

«እመቤቴ ቆቅ» አላት ድምፁን አለስልሶ፣ «የጅግራን ልጆች ስፈልግ ዐይኔ ይደክማል። የእርስዎን ግን ከደመና ሥር ሆኜ እንኳ አንድ፣ ሁለት ብዬ እቆጥራቸዋለሁ። ማሳደግ እንዲህ ነው!»

ቆቅ ናትና አላመነችውም። ምስጋናው ግን ጣማት። በማግስቱ ሦስቴ አጠበቻቸው።

እንዲሁ ስታጥብ ሰንብታ፣ አንድ ረፋድ ላይ ከምንጭ ሲመለሱ በሰልፉ ላይ ጥላ አለፈ። ቆቅ ቀና ብትል ጭልፊት ክንፉን አጥፎ እየወረደ ነው።

«ተደበቁ!» ብላ ጮኸች።

አምስቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

«ተኙ! አፈሩ ላይ ተኙ!»

«እማዬ፣ እንቆሽሻለን እኮ!» አለ ታላቅየው።

«ኋላ ልትቆጪን!» አለች ተከታይዋ።

ያን ጊዜ የቆቅ ልብ ስንጥቅ አለ። ለካ ልጆቿ ከጭልፊት ይልቅ የሚፈሩት እሷን ኖሯል። ቁጭ ብሎ ማስረዳት የሚቻልበት ሰዓት አይደለም። ስንት ጠዋት የደከመችበትን ላባዋን ይዛ፣ መንገዱ ዳር የተከመረው አቧራ ውስጥ ዘላ ገባች። እየተንከባለለች «አልነጋም! አልነጋም!» አለች።

ጫጩቶቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ደስ አላቸው። «አልነጋም!» እያሉ ተከተሏት። ገና ከምንጭ መምጣታቸው ነውና በእርጥብ ላባቸው ላይ አቧራው ተለጠፈ። አንዱ ከሣር ሥር፣ አንዱ ከድንጋይ ጥግ ድፍት አለ። አምስት ጓል ሆኑ።

ጭልፊት ደርሶ ቢያይ፣ አንድ፣ ሁለት ብሎ የቆጠራቸው የሉም። ጥፍሩ ያገኘው የቆቅን ጭራ ብቻ ነበር፤ እሱም ተነቅሎ እግሩ ላይ ቀረ። ፍጥነቱን መግታት ስላቃተው ሄዶ አጋም ውስጥ ተሰካ። እሾኹ ክንፉን ዘነጣጥሎት፣ እያነከሰ በረረ ቢባል ነው የሚሻለው።

ጅግራ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«እመት ቆቅ! ጭራሽን ምን በላው?»

«ጭልፊት።»

«ኧረ ጉድ! እንግዲህ የወፍ አገር ምን ይልሻል?»

«ያሻውን ይበል። አምስቱም አሉልኝ፤ ተመስገን።»

ታናሺቱ ከሣሩ ሥር ብቅ አለች። ከአቧራው ውስጥ ዐይኗ ብቻ ይታያል።

«እማዬ፣ አሁን ደግሞ አንቺ ጨፍኚ፤ እኛ እንደበቅ።»

ቆቅ የቀትሩን ትጥበት አሰበች። አሰበችና ተወችው። ዐይኗን ጨፈነች።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!» አሉ አምስቱም፤ የጅግራ ልጆችም አብረው።

የኔ ተረት እዚህ ላይ ደክሞት ተኛ። በሉ እናንተ ውጡና ተጫወቱ፤ እግራችሁን ማታ እንታጠባለን። ለእናቶችም ይህችን ብዬ ላብቃ፦ የልጅ አቧራ በውኃ ይለቃል፤ የልጅ ፍርሃት በምን ይለቃል?