ፌርማታ ያጣ ምክር

ፈተናው አንድ ቀን ሲቀረው ርዕሰ መምህር ይርዳው የማታ ተማሪዎችን ከጠዋት ሰበሰቡ። የመፈተኛ ካርዱን በእጃቸው ይዘው ስለ ጊዜ አጠቃቀም ሲመክሩ ድፍን ሦስት ሰዓት ፈጀባቸው። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ አፈኛ ወያላ፣ ግን ሁለት ምዕራፍ ስለቀረው፣ ከኋላ ተቀምጦ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያጠናል። ርዕሰ መምህሩ አዩት።

«አንተ፣ ተነሥ። እስካሁን ያልኩትን ባንድ ዐረፍተ ነገር ካልነገርከኝ ካርድህን አታገኝም፤ ነገም አትፈተንም።»

ወያላው ካርዱን አየት አደረገና ተነሣ።

«‹ጊዜያችሁን በወሬ አትግደሉ› ነው ያሉት፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን አትሰማም?»

«ሰምቼ ነው እንጂ። ገና ጠዋት እንዳሉት፣ እዚያችው ፌርማታ ወርጄ ወደ ጥናቴ ሄድኩ። እነዚህ ‹ወራጅ አለ› ቢሉም የሚያቆምላቸው ሾፌር አጥተው ነው።»